ባዶውንም ጭምር

አንድ ጤነኛ ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ባዶ ቦታ የሚገለብጠው ምን ነክቶት ነው?

ኢንጂነሯ ይህን ጥያቄ ለራሷ ያነሳችው ከባሕር ማዶ በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አክስቷ ጥልፍ ቤት ውስጥ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። መልስ ያስፈልገዋል ብላ አላሰበች። ለመሳቅ ያህል የሚጠየቅ ዓይነት ጥያቄ ነው የመሰላት።

ጥልፍ ቤቱ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። በግድግዳው ርዝመት ልክ አሥራ ሁለት ራስ ያለው የጥልፍ መኪና ተዘርግቷል። ሲሠራ አሥራ ሁለቱም መርፌዎች እኩል ይወርዳሉ፣ እኩል ይነሳሉ፤ ታች መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ጠርሙሶቹ ይንጫጫሉ። በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት የትምህርት ቤት አርማ፣ ወይም አሥራ ሁለት የጥበቃ ኮፍያ፣ ወይም የሆቴል ስም ያለበት አሥራ ሁለት ፎጣ ያወጣል። መኪናው ግን ብቻውን ሲታይ ደንቆሮ ነው። የት የት እንደሚወጋ የሚነግረው ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ አቧራ እንዳይገባበት ሻሽ የተጣለበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን የጥልፍ ፕሮግራም የጫነው ከብዙ ዓመት በፊት መኪናውን የሸጠው ድርጅት የላከው ባለሙያ ነበር። ድርጅቱ ፈርሷል። ስልኩ ሲደወል አሁን የሚያነሳው አንድ የዶሮ መኖ ነጋዴ ነው። ፕሮግራሙን እንደገና ልጫን ቢሉ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የትም የለም። ስለዚህ የአክስቲቱም የስድስቱ ጠላፊዎችም ኑሮ የተንጠለጠለው ፕሮግራሙ ባለበት፣ መዳፍ በምታህል አንዲት ዲስክ ላይ ነው። ዲስኳ ከሞተች ያ ሁሉ መኪና ቁርጥራጭ ብረት ነው። ይህንን ደረጃ የምትጠርገው ሴትዮ እንኳ ታውቃለች።

ዲስኳን በሕይወት የማቆየቱ ሥራ የጋሽ ኮፒ ነበር። ጋሽ ኮፒ ስልሳን የተሻገረ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ የሆነ ሰው ነው። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መኪናው ይቆማል። እሱ ይመጣል፤ ከሸሚዝ ኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ኮምፒዩተሩን በራሱ ፍላሽ ያስነሳል፤ ከዚያ የዲስኳን ኢሜጅ ያወጣል። ኢሜጅ ማለት ዲስኳ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ የያዘችውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያስቀር ትልቅ ፋይል ነው። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጋሽ ኮፒ አያቆምም። ኢሜጁን ወደ ሌላ ዲስክ ይመልሰዋል፤ የተመለሰበትን ዲስክ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገጥማል፤ የቆየችውን አውጥቶ በጨርቅ ይጠቀልልና ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባታል። የሚቀጥለውን ወር መኪናውን የምትነዳው ቅጂዋ ናት። በየዲስኳ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎባታል። ይህ ሁሉ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስድስቱንም ሰዓት ሰውዬው ያለ ጋዜጣ፣ ያለ ወሬ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን ያያል።

“ኢንጂነር” የሚለውን ስም ያወጡላት ጠላፊዎቹ ናቸው። ሰባት ዓመት ውጭ አገር ኮምፒዩተር ተምራ የመጨረሻዋን ወረቀት ሳትይዝ መመለሷን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። አክስቷ ዘንድ ያረፈችው ለሁለት ሳምንት ብላ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አትችልም፤ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ስልኳን ታያለች፣ መምጣቷ ልክ ይሁን ስህተት በቀን አሥር ጊዜ ትጠይቃለች። የሚያሳርፋት ንቀት ብቻ ነው። አንድን ነገር ከልቧ ስትንቅ ለአፍታ ራሷን ትረሳለች።

የሚናቅ ደግሞ አላጣችም። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ጀምሮ “ይቀየራል” ሲባል መክረሙን ናቀች። አክስቷ ኮምፒዩተሩን “እሱ ዛሬ አኩርፏል” እያለች እንደ ባል ማውራቷን ናቀች። ጠላፊዎቹ ማውዙን በሁለት ጣት፣ ትኩስ ድንች እንደ ያዘ ሰው መያዛቸውን ናቀች። ከሁሉ ከሁሉ ግን የናቀችው ያንን በርጩማና እላዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነበር።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?” አለች ያን ቅዳሜ።

“እ።”

“ይቺ ዲስክ እኮ ሩቧ ነው ዕቃ ያለበት። የቀረው ባዶ ነው። እርስዎ ግን ባዶውንም ይገለብጣሉ።”

“አዎ።”

“ዕቃ ያለበትን ብቻ ቢገለብጡ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

ጋሽ ኮፒ መነጽሩን አወለቀ። “የጫነው ሰውዬ፣ ‘ስትገለብጥ ባዶውንም ጭምር’ ብሎኛል።”

“ምክንያቱን አልነገረዎትም?”

“አልጠየቅኩትም።”

ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ወደ ጠላፊዎቹ ዞረች። ስድስቱም የኮፍያ ክር እየቆረጡ ጆሯቸውን ጥለው ነበር።

“ሰማችሁ አይደል? ስድስት ሰዓት ሙሉ ባዶ ነው የሚገለብጡት! ባዶውን ያወጡታል፣ በጨርቅ ይጠቀልሉታል፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ሌባ እንዳይሰርቀው!”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከጠላፊዎቹ ትልቋ፣ በምላሷ ስለት “መቀስ” የሚሏት፣ እጇን አወጣች። “ጋሼ፣ ሲጨርሱ እኔም ቤት ብቅ ይበሉ። ባዶ ማሰሮ አለኝ፤ አንዱ አልበቃኝም!”

አክስቲቱ ከሁሉም በላይ ሳቀች። የያዘችው የክር ሣጥን ከእጇ አመለጠ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ጥቅል ክር በየጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ጋሽ ኮፒ ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር የደረሰውን አንድ ጥቅል አነሳና ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

“ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?” አላት ሳቁ ጋብ ሲል።

“ኮምፒዩተሩ ይናገራላ!”

“ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ራሱ ያስቀመጠውን ነው። ሌላ ሰው ያስቀመጠውን አያውቅም።”

የሽማግሌ እንቆቅልሽ ብላ አለፈችው። እንዲያውም ለማጠናቀቂያ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ዲስኮቹን አየች። ዛሬ ከኮምፒዩተሩ የምትወጣዋን ጨምሮ ሁለት ናቸው፤ ፕላስተራቸው አንድና ሁለት ይላል። ዛሬ የሚገጥማት ደግሞ አራት ትላለች።

“አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ጋሼ፣ ሦስትን ዘለሏት እኮ!”

“አልዘለልኳትም” አለና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

መቁጠር የማይችል ሰው የቤተሰቡን ኑሮ በእጁ ይዟል! ይህንን ማታ ለአክስቷ ስትነግራት አክስቲቱ እንደገና ሳቀች፤ ቢሆንም መሃል ላይ ቆም አለችና፣ “ደሞ አሥራ ሦስት ዓመት በብልሽት አንድ ቀን አስቁሞን አያውቅም” አለች። ኢንጂነሯ አልሰማችም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሰውዬው ጋሽ ኮፒ መባሉ ቀረ። “ጋሽ ባዶ” ሆነ። ስሙ ደረጃውን ወርዶ መድኃኒት ቤቱ ደረሰ፤ ከመድኃኒት ቤቱ መንገዱን ተሻገረ። በወሩ፣ ዲስክ ሊቀይር ሲመጣ፣ መድኃኒተኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ “ጋሽ ባዶ፣ እንዴት አደሩ?” አለው። “እግዜር ይመስገን” ብሎ ወጣ። ላይ ሲደርስ በርጩማው በቦታው አልነበረም።

“ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይልፉ” አለችው ኢንጂነሯ። ኮምፒዩተሩ ላይ አዲስ ፕሮግራም ጭናለች። “በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ራሱ ኢሜጅ ያወጣል። ሃያ ደቂቃ። መኪናው መቆም የለበት፣ ሰው መቀመጥ የለበት።”

“ባዶውን ይዘለዋል?”

“ይዘለዋል እንጂ! በዚህ ዘመን?”

ሰውዬው አክስቲቱን አየ። አክስቲቱ የክር ቀለም ከናሙና ጋር ታስተያይ ነበር፤ ማስተያየቷን ቀጠለች።

“ወደ ሌላ ዲስክ መልሰሽ፣ ፕሮግራሙን ከፍተሽ አይተሻል?”

“ለምን ብዬ? ይዩ፣ ‘ተሳክቷል’ ይላል። አረንጓዴ ምልክት ያወጣል።”

“አረንጓዴ” አለ ጋሽ ኮፒ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም የመናቅ ችሎታ እንዳለው ታየ፤ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ዓይኑ ብቻ ነው የናቃት። ፍላሹን ከሸሚዝ ኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው፣ ደረጃውን ወረደ። የሚቀጥለው ሰኞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጥልፍ ቤቱ መስኮት ትይዩ ባለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ ቆሞ ታየ።

“ይኸው ደረጃውን አገኘ” አለች ኢንጂነሯ መስኮቱ ላይ ሆና። በዚያው ሰሞን ቁም ሣጥን ውስጥ የነበሩትን ሁለት ዲስኮች አወጣች። ኢሜጆቿን የምታከማችበት ቦታ ያስፈልጋታል። ደህና መሆናቸውን ለመፈተሽ ብላ ሁለቱንም ከጥግ እስከ ጥግ ዜሮ ጻፈችባቸው፤ በእርሳስ የተጻፈባቸውን ፕላስተር ልጣ ጣለች። “እንግዲህ ባዶ ማለት እንዲህ ነው” አለች። ጠላፊዎቹ ሳቁ። የዛሬው ሳቅ ግን እንደዚያ ቀኑ አልሞቀም፤ ቀልዱ ተደጋግሟል።

አርባ ቀን አለፈ። አርባ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አረንጓዴው ምልክት ወጣ።

አርባ አንደኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሦስት ትምህርት ቤቶች አርማቸውን እየጠበቁ፣ መኪናው ከጠዋት ጀምሮ እየወጋ፣ ድንገት አሥራ ሁለቱ መርፌዎች አየር ላይ ቆሙ። ዝም ባለው ክፍል ውስጥ ከሻሹ ሥር ድምፅ መጣ፤ ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ሰው በጥፍሩ ሣጥን እንደሚቆረቁር። ስክሪኑ ጠቆረ።

“ልጄ!” አለች አክስቲቱ። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ተረጋጊ አክስቴ። ዲስኳ ሞተች እንጂ ሌላ አልሆነም። ለዚህ አይደል የተዘጋጀነው?”

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። ከተመለሰች ጀምሮ ይህን የመሰለ ተመልካች አላገኘችም። ወርዳ አዲስ ዲስክ ገዝታ መጣች፤ ገጠመች፤ የትናንቱን ኢሜጅ ትመልስ ጀመር። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሞላ ስድስቱ ሴቶች ከኋላዋ ቆመው አንገታቸውን አስግገው አዩ። በአሥራ ስምንት ደቂቃ አለቀ። ኮምፒዩተሩ ተነሳ፤ አክስቲቱ ከዓመታት በፊት የለጠፈችው የጽጌረዳ ጥልፍ ሥዕል እንኳ ስክሪኑ ላይ በቦታው ወጣ። አጨበጨቡ።

“ጋሽ ባዶ መጥተው ይሄን ባዩ!” አለች መቀስ።

ኢንጂነሯ ፈገግ ብላ የጥልፍ ፕሮግራሙን ከፈተች። አንዲት ግራጫ ሣጥን ብቅ አለች፤ በባዕድ ቋንቋ ሁለት መስመር ተጽፎባታል። “ይህ ቅጂ አልተፈቀደም። ሻጩን ያነጋግሩ” ነው የምትለው፤ ከሥሯ የስልክ ቁጥር አለ። ዘጋቻት። ከፈተች። ያችው ሣጥን።

“ምን አለ?” አለች አክስቷ።

“ምንም። አንዴ።”

የከትናንት በስቲያውን መለሰች። ሣጥኗ መጣች። ያለፈውን ሳምንት መለሰች። ሣጥኗ መጣች። አክስቲቱ መቆም አቅቷት ስልኩን ራሷ ደወለች፤ ማዶ ያለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ “እናቴ፣ እኔ መኖ ነው የምሸጥ፤ ስንቴ ልንገራችሁ?” ማንም አልሳቀም።

ሐሙስም አርብም እንዲሁ ዋለ። የሞተችውን ዲስክ ሁለት ጠጋኞች ዘንድ ወሰደቻት፤ ሁለቱም ጆሯቸው ጋ አስጠግተው አዳመጧትና፣ የውስጧ ሰሌዳ ተፍቋል ብለው መለሱላት። ቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራሙ ሲነሳ ምን ምን እንደሚያነብ አንድ በአንድ ስትከታተል አገኘችው። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዲስኳ ግንባር ነው፤ የትኛውም ክፍልፍል ወዳልደረሰበት፣ ኮምፒዩተሩ ምንም የለበትም ወደሚለው ጠባብ ስፍራ። ያ የፈረሰው ድርጅት ባለሙያ ፈቃዱን የቀበረው እዚያ ነበር። የእሷ ፕሮግራም ያንን ቦታ ባዶ ነው ብሎ በየቀኑ ዘሎታል። አርባ ቀን፣ አርባ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ጉድለት በጥንቃቄ ስታስቀምጥ ከርማለች፤ በእያንዳንዱም ላይ አረንጓዴ ምልክት አለበት። ፈቃዱ የነበረባቸውን ሁለቱን ዲስኮች ደግሞ በገዛ እጇ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ዜሮ አልብሳቸዋለች።

የሚያንገበግባት ስህተቷ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው አውቆ ቢሆን ኖሮ ታከብረው ነበር። ግን አያውቅም! ምክንያቱን ሳይጠይቅ አሥራ ሦስት ዓመት የተባለውን ሲያደርግ ኖረ፤ ትክክል ነበር። እሷ ሰባት ዓመት ምክንያት ስትማር ኖረች፤ ይኸው። ንቀቷን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች፤ ንቀቱም ክፍሉን ዞሮ ዞሮ መጥቶ ራሷ ላይ ተቀመጠ።

ለአክስቷ ነገረቻት። አክስቲቱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“ማለት፣ ባዶ አልነበረም?”

“አልነበረም።”

“ይሄን ለመማር ነው ያን ሁሉ ዓመት ቤተሰብ ጥለሽ የተቀመጥሽው? ማጥፋትማ እዚህም እንችል ነበር።”

መቀስ የቆመውን መኪና በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ቀና ሳትል፣ “ሦስተኛዋስ?” አለች።

“የቷ ሦስተኛ?” አለች ኢንጂነሯ።

“ጋሼ ቤት ያለችው ናታ። ሕንፃው ቢቃጠል ብለው አንዷን ቤታቸው ወስደዋት የለ እንዴ? በዓመት አንዴ እያመጡ ያድሷታል። ሦስት ተብሎ ተጽፎባታል።”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“መቼ ጠየቅሽን? ስታስቂን አይደል የከረምሽው?”

ያቺ ዲስክ ከመጣች የአንድ ቅዳሜ ሥራ ናት። ፈቃዱን ከእሷ፣ የቅርብ ጊዜውን ሥራ ከኢሜጆቹ ወስዶ መኪናው ሰኞ ይነሳል። ካልመጣች አይነሳም። እዚህ ላይ ብዙ የሚታሰብ ነገር የለም።

“አክስቴ፣ አንቺ ብትደውይለት...”

“በምን አፌ? አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ሳቅኩ። አሥራ ሦስት ዓመት የማውቀው እኔ ነኝ፤ የኔ ካንቺ ይብሳል። ሂጂ፣ ራስሽ ተሻገሪ።”

ተሻገረች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ የሞቀ ወረቀትና የቀለም ዱቄት ይሸታል። ጋሽ ኮፒ የአንድ ሰውዬ መታወቂያ እያገላበጠ ኮፒ ያደርጋል። “ጋሼ” ብላ ገና ስትጀምር እጁን አነሳ።

“ወረፋ አለ።”

ከሦስት ሰው ኋላ ቆመች። የፊተኛዋ ሴትዮ አሥራ አንድ ገጽ ነበራት። ተራዋ ሲደርስ ሰውዬው ሳያያት፣ “ስንት ኮፒ?” አለ።

“ኮፒ አይደለም ጋሼ፤ ዲስኳ ሞተች፤ እኔ ያወጣሁት ኢሜጅ የመጀመሪያውን ክፍል ስለ ዘለለው፣ ማለቴ ፕሮግራሙ ከክፍልፍሉ ውጪ ያለውን...”

“ቀስ።”

“እሺ። ሦስተኛዋ ዲስክ...”

“ስትናገሪ ትቸኩያለሽ፤ አልሰማሽም። የምትፈልጊውን ጽፈሽ ላኪልኝ። ቁጥሬ አክስትሽ ጋ አለ።” ከትከሻዋ በላይ ወደ ኋላዋ አየ። “ቀጣይ።”

ተመልሳ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ፈቃዱ የት እንደ ተቀበረ፣ የእሷ ፕሮግራም ለምን እንዳላየው፣ የእሱ አሠራር በቴክኒክ ረገድ ለምን እንዳዋጣ፣ ረጅም አድርጋ ጻፈች። አክስቲቱ በትከሻዋ ላይ አነበበችው።

“ምንድነው ይሄ? ደሞ ልታስተምሪው ነው?”

አጠፋችው። ስለ ስድስቱ ጠላፊዎች ጻፈች፤ ስለ ልጆቻቸው፣ አርማ ስለሚጠብቁት ትምህርት ቤቶች።

“አሁን ደሞ ሴቶቹን ፊት ለፊት አሰለፍሽና አንቺ ከኋላ ተደበቅሽ” አለች መቀስ፣ ሳትጠራ መጥታ። “እኔ ስለ ማሰሮዬ የራሴን እላቸዋለሁ። አንቺ ያንቺን ጻፊ።”

ያንንም አጠፋች። ከዚያ እንዲህ ጻፈች፦

“ጋሼ፣ ባዶ አልነበረም። ሳላውቅ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ስሙንም ያወጣሁብዎ እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስተኛዋ ዲስክ ካለች ለአንድ ቅዳሜ ያምጧት። እኔ አልነካትም። እርስዎ ይቀመጡና ባዶውንም ጭምር ይገልብጧት፤ በርጩማውን ቦታው መልሼዋለሁ።”

ላከችው።

ከመስኮቱ ማዶ ጋሽ ኮፒ ከሸሚዝ ኪሱ ስልኩን ሲያወጣ አየችው። መነጽሩን ከደረቱ አንስቶ አደረገ። አነበበ። መልእክቱ ከሚፈጀው በላይ አነበበ፤ ወይ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ወይ ደግሞ ማንበቡን ጨርሶ ዝም ብሎ ይይዘው ነበር። ከኋላዋ ስድስቱ ሴቶች መስኮቱን ከበዋል። ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ የማሽኑን ክዳን አነሳ፣ የቀጣዩን ሰው ወረቀት አስተካክሎ አኖረ። በክዳኑ ጠርዝ ሥር አረንጓዴ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ።

“ሲመሽ ይመልሱልሻል” አለች መቀስ። “ሥራ ላይ ናቸዋ።”

ሰኞ አክስቲቱ፣ “ጻፈ?” አለች። ማክሰኞም አለች። ሐሙስ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ናሙናውን መጥቶ ወሰደ። በሳምንቱ መቀስና ሁለቱ ወጣት ጠላፊዎች የእጅ ጥልፍ ወደሚያሠራ ሌላ ቤት ሄዱ፤ መቀስ ስትወጣ ኢንጂነሯን ጉንጯን ሳመቻትና፣ “አይዞሽ፣ ኢንጂነር” አለቻት። ስድብ ይሁን ማጽናኛ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ከኮምፒዩተሩ ላይ ሻሹ ተነስቶ የቆመውን መኪና ለመሸፈን አጠረ፤ አንሶላ ተገዛለት።

መስኮቱ ላይ መቆሙን አልተወችም። ሰውዬው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ይከፍታል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በርጩማ አውጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ቀና ብሎ ወደ ፎቁ ያያል፤ እንደዚያው አይቶ ዓይኑን ይመልሳል። እሷ ስልኳን ትከፍታለች። መልእክቷ አለ። ከሥሩ “ታይቷል” ይላል፣ ከነሰዓቱ። ከዚያ በታች ምንም የለም።